ቸርቸልን መውጣት ያቃታት አልፋ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ነው። አባዬ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። አልፋ ሮሜዮ መኪናውን ለእኔ ትቶልኛል። ጂቲ ጁኒየር 1300 ናት፣ እ.ኤ.አ. የ1971 ሥሪት። እሱ ከታመመ ጀምሮ አራት ዓመት ቆማ ነበር። አሁን ሞተሯ ይነሳል። ግን ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች። ከለገሃር ወደ ፒያሳ ስወጣ አቅም ታጣለች፤ ነዳጅ ስጨምርላት በካርቡሬተሯ በኩል ትተፋለች። መንገድ ሲዘጋጋ የሙቀት መለኪያው ቀዩ ጋ ይደርሳል። የፍሬን ፔዳሉ ደግሞ ረግጬ ስይዘው ቀስ እያለ ይሰምጣል። የወሰድኩበት ጋራዥ ቴርሞስታቷን አውጥቶ ጣለውና ‹የቶዮታ ሞተር ይገጠምላትና ተገላገሉ› አለ። እሱንም የነገረው ለእኔ ሳይሆን አብሮኝ ለሄደው ታናሽ ወንድሜ ነው። እኔ ግን ራሴ ልሠራት እፈልጋለሁ። ካቻቢቴና ቁልፍ መያዝ አባዬ አስተምሮኛል። 120,000 ብር አጠራቅሜያለሁ። ሰፊ ቸርኬና ስፖርት ማርሚታ ልግዛላት ወይስ ሞተሯን ልቀይር? እማዬ ደግሞ ‹ሽጫት› እያለችኝ ነው።»

የአልፋዋ ልጅ፣ ከግንፍሌ

ልጄ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመኪናዋን ሕመም እንዲህ አጥርቶ የሚነግረኝ አንባቢ ብዙ አላገኝም። ጋራዡ አንቺን ትቶ ወንድምሽን ማናገሩ አሳዝኖኛል። ቀጥሎ ጋራዥ ስትሄጂ ብቻሽን ሂጂ፣ ችግሩን ልክ ለእኔ እንደነገርሽኝ ንገሪያቸው፣ የተፈታውንም አሮጌ ዕቃ እንዲሰጡሽ ጠይቂ።

ቸርኬውንም ማርሚታውንም አሁን አትግዢ። ሞተሩንም አትቀይሪ። አልፋሽ የደከመችው ስላረጀች ብቻ አይደለም። ለቆላ አየር ተስተካክላ የተሠራች መኪና ደጋ ላይ ስለምትኖር ነው። አየሯንና ውሃዋን ካስተካከልሽላት ገንዘብሽን ሳትጨርሺ ሌላ መኪና ትሆንልሻለች። ይህን በሰፊው እነግርሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ቀን የማይሰጡ ሁለት ነገሮች አሉ።

«ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች» ስትዪ ደነገጥኩ። አራት ዓመት የቆመ መኪና የቤንዚን ቱቦው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ከተማችን ውስጥ ቤንዚን ከኢታኖል ጋር ተቀላቅሎ የተሸጠባቸው ዓመታት ነበሩ፤ የድሮ ጎማ ደግሞ ኢታኖልን አይችለውም። ስለዚህ ከነዳጅ ታንከሩ እስከ ካርቡሬተሮቹ ያለውን የጎማ ቱቦ አንድ ሳታስቀሪ ቀይሪ። ማሰሪያ ቀለበቶቹንም አዲስ አድርጊ። የቆየውን ቤንዚን ቅጂና አውጪው፣ ፊልትሮውንም ለውጪ። ከመጀመርሽ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፍቺ። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ግዢና አጠገብሽ አስቀምጪ። ሥራውን ከሕንፃው ራቅ ብለሽ ገላጣ ቦታ ላይ ሥሪው። በግቢው ውስጥ ለቡና ከሰል ያቀጣጠለ ሰው ካለ ለሌላ ቀን አቆይው። ቱቦዎቹ እስኪለወጡ ድረስ መኪናዋ አትነሳ።

ሁለተኛው ፍሬኑ ነው። ፔዳሉ ረግጠሽ ስትይዢው የሚሰምጥ ከሆነ መጀመሪያ የፍሬን ዘይቱን መጠን እዪ። ከቀነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ፤ ከጎማዎቹ ጀርባና ከቱቦዎቹ ጫፍ ፈልጊው። ሳይቀንስ ከሰመጠ ግን የዋናው ፍሬን ፓምፕ ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይቱን አፍኖ የሚይዘው የውስጥ ጎማ፣ አልቋል። ጎሚኒውን ራስሽ መለወጥ ትችያለሽ። ነገር ግን ፓምፑን ከፈታሽው በኋላ ውስጡን በባትሪ መብራት እዪው። ጣትሽ የሚነካው ጉድጓድ ወይም ጭረት ካለበት አዲስ ጎሚኒ አያድነውም፤ ፓምፑ ራሱ ይለወጣል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ አለበት። የአንቺ ስድስት ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። ዶት 4 የሚለውን ግዢ፤ የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ እንዳይገባበት። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ያነሳዋልና ወዲያው በውሃ እጠቢው። ፍሬን ከተነካ በኋላ አየሩ መውጣት አለበት፣ ለዚህም ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። መኪናዋ ከ900 ኪሎ በላይ ነች። በክሪክ ብቻ ተይዛ ሥሯ እንዳትገቢ። ብሎኬት አታስደግፊ፤ ብሎኬት ሳይታሰብ ይፈረካከሳል። ሁለት የብረት መቆሚያ ግዢ። ኮብልስቶን ላይ ሳይሆን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁሚያት፤ መሬት የሚነኩትን ጎማዎች በእንጨት ሽብልቅ አሲዢ። ክሪክ የምታስገቢበትን ቦታም በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርገሽ ሞክሪው። እነዚህ አልፋዎች መጀመሪያ የሚዝጉት እዚያው፣ በበሮቹ ሥር ባለው ላሜራና በወለሉ ጠርዝ ነው። ስቱኮ ተለጥፎበት ደህና መስሎ ክብደት ሲያርፍበት የሚገባ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አልፋሽ የተሠራችው ሚላን አጠገብ ነው። ሚላን ከባሕር ወለል 120 ሜትር ገደማ ላይ ነች። አዲስ አበባ ደግሞ 2,350 ሜትር ገደማ፤ ፒያሳ ከዚያም ከፍ ትላለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተር የሚኖረው ደግሞ በቤንዚን ብቻ አይደለም፣ በአየርም ነው። ፋብሪካው 89 የፈረስ ጉልበት አላት ብሎ ነበር ያወጣት። እዚህ ግን ጤነኛ ሆና እንኳ ከ70 ብዙ አትርቅም። ይህ በሽታ አይደለም። አባትሽም ቸርቸልን ሲወጡባት በዚሁ ጉልበት ነው። አንቺ ያጣሽው ከዚያ በታች የወረደውን ነው፤ እሱ ደግሞ ይመለሳል።

የዛሬ መኪና ኮምፒውተር ስላለው አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን ራሱ ይቀንሳል። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። ሚላን ላይ የሰጠውን ያህል እዚህም ሊሰጥ ይሞክራል። ስሌቱን ብሠራልሽ፣ በአዲስ አበባ አየር ቤንዚኑ ከሚገባው በአንድ አሥረኛ ያህል ይበልጣል። ጥቁሩ ጭስ ይሄ ነው። ሽታውም በከፊል ይሄ ነው።

እንዴት ታውቂያለሽ? ሃያ ደቂቃ ያህል ንጂያት፣ ሞተሩን አጥፊ፣ ሲበርድ አራቱንም ካንዴላ ፍቺ። ጫፋቸው እንደ ጥላሸት ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። እንደ ገብስ ቆሎ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፤ ይህ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ሞተሩን ያቃጥላል።

የአልፋሽ ሁለት ካርቡሬተር እያንዳንዱ ሁለት ጉሮሮ አለው፤ ለአራቱ ሲሊንደር አራት ጉሮሮ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ጉሮሮ ቤንዚን የሚለካበት ቀዳዳ ያላት ትንሽ የናስ ቁራጭ አለች፣ ጄት ትባላለች። ላይዋ ላይ ቁጥር ተጽፎባታል። 120 ካለ ቀዳዳዋ 1.20 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። አባትሽ ቀድመው አስቀይረዋት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ፈትተሽ ቁጥሩን አንብቢ። የፋብሪካው ከሆነ አምስት ቁጥር ቀንሺ፣ ከ120 ወደ 115። አራቱንም አንድ ዓይነት አድርጊ። ንጂያትና ካንዴላውን ደግመሽ እዪ። አሁንም ከጠቆረ ትንሽ ዝቅ በዪ። የወጡትን ጄቶች እንዳትጥያቸው። በትንሽ ቆርቆሮ አድርገሽ ኮፈኑ ሥር ወይም መሳቢያዋ ውስጥ አኑሪያቸው። ወደ አዋሽ ከወረድሽ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነሽ፤ አየሩ ይወፍራል፣ ለአዲስ አበባ የተቀነሰው ቤንዚን ያንሳታል። ለረጅም የቆላ መንገድ የድሮዎቹን መልሺላት።

ግን ጄት ከመንካትሽ በፊት «ትተፋለች» ያልሽኝን እንይ። በካርቡሬተር በኩል መትፋት አብዛኛውን ጊዜ የቤንዚን ማነስ ምልክት ነው። ጥቁር ጭስና መትፋት አብረው እንዴት ይመጣሉ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። አልፋ ላይ ይመጣሉ። ካርቡሬተሮቹ ከሞተሩ ጋር የሚገናኙት ጎማ በተጣበቀበት ማያያዣ ነው። ያ ጎማ በዕድሜ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ልኬት የሌለው አየር ይስባል። አንዱ ሲሊንደር ቤንዚን ሲጠግብ ሌላው ይራባል። አልፋ የያዘ ሁሉ የሚያውቀው ድክመቷ ነው። አፍ ባለው የመርጫ ጠርሙስ ውሃ ያዢ። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጪ፣ እየሠራ በማያያዣዎቹ ዙሪያ ስስ አድርገሽ ርጪ፤ የኤሌክትሪክ ገመዶቹን አርቂ። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ስንጥቁን አገኘሽው። ማያያዣዎቹን አራቱንም በአንድ ጊዜ ለውጪ። ይህ ዕቃ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱን እጠራጠራለሁ። ደስ የሚለው ግን የእነዚህ አልፋዎች ዕቃ ዛሬም አውሮፓ ውስጥ አዲስ ይመረታል። ቀላል ስለሆነ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ይገባል። ከእሱ ጋር የካርቡሬተር ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) እና የጄት ስብስብ አብረሽ አስመጪ።

የአንድ ካርቡሬተር ትንፋሽ ከሌላው እኩል መሆን አለበት። ርዝመቱ ክንድ የሚያህል ቀጭን ቱቦ ያዢና አንዱን ጫፍ ጆሮሽ ላይ፣ ሌላውን ጉሮሮው አፍ ላይ አድርጊ። አራቱንም በየተራ አዳምጪ። አንዱ ሲያፏጭ ሌላው የሚያንሾካሹክ ከሆነ የሚያገናኛቸውን ብሎን በጥቂቱ አስተካክዪ። እጅግ የምወደው ሥራ ይሄ ነው። አራቱ እኩል ሲተነፍሱ መሪዋ ላይ ያለው መንቀጥቀጥ ሲጠፋ ትሰሚዋለሽ።

ከዚያ ቸርቸል ጎዳናን መለኪያ አድርጊው። እሑድ በጠዋት፣ መንገዱ ባዶ ሳለ፣ ከለገሃር ተነስተሽ እስከ ማዘጋጃ ቤት በአንድ ማርሽ፣ በአንድ ፍጥነት ውጪ። ማስተካከያ ባደረግሽ ቁጥር ድገሚውና ደብተር ላይ ጻፊ።

ወደ ሙቀቱ ልለፍ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፣ በ92 ገደማ ነው። ባቄላ ስትቀቅዪ ጅቡቲ ካለ ሰው የምትዘገዪው ለዚህ ነው። አሁን ይህን ከሞተርሽ ጋር አያይዢው። ቴርሞስታት ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍትለት በር ነው፤ ብዙዎቹ ከ80 እስከ 88 ዲግሪ ላይ ነው የሚከፈቱት። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር እንኳ እዚህ ከመፍላት የሚርቀው በጥቂት ዲግሪ ነው። የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል። 0.7 ባር የሚይዝ ክዳን ከሆነ የመፍያው ነጥብ ወደ 110 ዲግሪ ከፍ ይላል። ጎማው የደረቀ፣ ሞላው የላላ ክዳን ግን ምንም አይዝም። ሚላን ላይ እንዲህ ዓይነት ክዳን ይዘሽ ትሄጃለሽ። እዚህ አትሄጅም።

ይህን የተማርኩት ዋጋ ከፍዬ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ፊያት 124 ነበረችኝ። ትፈላብኝ ነበር። አንድ ጋራዥ መጀመሪያ የውሃ ፓምፑን፣ ቀጥሎ ራዲያተሩን አስለወጠኝ። አሁንም ፈላች። እኔም ውሃ እየጨመርኩ መንዳቱን ቀጠልኩ፣ በመጨረሻ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ራስ፣ ተጣመመ። ቴስታታው ተልጎ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገብቶ ከወጣች በኋላ ነው የክዳኑን ጎማ አገላብጬ ያየሁት። መሐሉ ተሰንጥቆ ነበር። ስለዚህ አንቺ ከክዳኑ ጀምሪ። ፋብሪካው የጻፈውን ግፊት የሚይዝ አዲስ ግዢ፤ ከዚያ የሚበልጥ አትግዢ፣ የድሮውን ራዲያተር ይቀደዋል። ሞተሩ ሙቅ ሳለ እንዳትከፍቺው።

ቴርሞስታቷን መልሺላት። ብዙ ጋራዥ ማውጣቱን መፍትሔ አድርጎታል፣ ግን አይደለም። ያለ እሱ በባዶ መንገድ ሞተሯ ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል፣ ቤንዚን ትበላለች፣ ቶሎ ያልቃል። በብዙ ሞተር ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲሞቅ የአቋራጩን መንገድ ስለሚዘጋ፣ ሲወጣ ሙቁ ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳይነካ ይመለሳል። መንገድ ሲዘጋጋ የምትሞቅብሽ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል። ዉሃዋም የቧንቧ ብቻ አይሁን። የአልፋሽ ብሎክና ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፣ የሲሊንደሮቹ ሸሚዝ ብረት ነው። ሁለቱ በተራ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። ኩላንት የምንጨምረው ለበረዶ አይደለም፣ ለዚህ ነው። የዘይቱን ክዳንም ከፍተሽ እዪ። ወተት የመሰለ ነገር ከተለጠፈበት፣ ወይም ራዲያተሩ ውስጥ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ በቴስታታው ሥር ያሉት የጎማ ቀለበቶች አልቀዋል። ያኔ ሥራው ከግቢሽ አቅም በላይ ነው፤ ቴስታታ አውርዶ የሚያውቅ ሰው ፈልጊ።

የቶዮታ ሞተር ያለሽ መካኒክ ክፉ አስቦ አይመስለኝም። የቶዮታ ዕቃ በየደጁ አለ፣ የአልፋ የለም። ግን ሞተር መቀየር ማለት መያዣውን፣ ካምቢዮውን፣ የፍሪሲዮኑን አሠራር፣ የማርሚታውን መንገድ ሁሉ መቀየር ነው። ሊብሬሽ ላይም የሞተር ቁጥር ተጽፏል፤ ቁጥሩ ካልገጠመ በየዓመቱ ቦሎ ላይ ጣጣ ነው። 120,000 ብርሽ ከመሐል መንገድ አያልፍም።

ዕቃ ሁሉ ደግሞ ከጣሊያን አይመጣም። ሶማሌ ተራ ስትሄጂ «የአልፋ አላችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ «የለም» ይሉሻል። አሮጌውን ዕቃ ይዘሽ ሂጂ። ኩሽኔታ ላይ የተጻፈው ቁጥር በዓለም ሁሉ አንድ ነው። 6203 የሚል ከሆነ ውስጡ 17፣ ውጩ 40፣ ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፣ የትኛውም ፋብሪካ ቢሠራው። የዘይት ማተሚያ ጎማም እንዲሁ በሦስት ልኬት ይገዛል። ቺንጋ በርዝመትና በስፋት ይገኛል። የሚሊ ሜትር መለኪያ ከአንድ ስብስብ ቁልፍ የበለጠ ይጠቅምሻል። የማይገኝ ቡሽ ካለ የቶርኖ ባለሙያ ከናስ ይሠራልሻል።

የጥገና መጽሐፏን በጣሊያንኛ ካገኘሽም አትፍሪ። የጋራዣችን አማርኛ ግማሹ ከዚያ ነው የመጣው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ሁሉንም እዚያ ታገኚያቸዋለሽ። ከአባትሽ አፍ የሰማሻቸው ቃላት የመኪናዋ የራሷ ቋንቋ ናቸው።

ማሻሻያ ከፈለግሽ ሁለት ነገር እመክራለሁ። የካንዴላውን ብልጭታ በሚቆጣጠረው በፑንቲናው ቦታ የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ አስገቢ፤ በየጊዜው ከማስተካከል ትገላገያለሽ። የፊት መብራቱንም በሪሌ፣ ማለትም ከባዱን ኤሌክትሪክ በማብሪያዋ ፈንታ በሚሸከም መቀያየሪያ፣ በኩል አሳልፊው፣ ብርሃኑ ይጨምራል፣ የ50 ዓመት ማብሪያዋም አይቃጠልም። ሰፊ ቸርኬ ግን መሪዋን ያከብድብሻል፤ የመሪ ረዳት የላትም። የመጀመሪያ ልኳን ጥሩ ጎማ አድርጊላት። ማርሚታው ካልተቀደደ ተይው።

ስለ እናትሽ። በመሸጡ ላይ አልከራከራቸውም። ከእ.ኤ.አ. 2024 መጀመሪያ ጀምሮ የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ይህችን ከሸጥሽ መሰሏን መልሰሽ እንደማታገኚ ብቻ ንገሪያቸው። የቀረውን ለጊዜው ተይው። የፍሬን አየር ለማውጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል ብዬሽ የለ? ሁለተኛው ሰው እሳቸው ይሁኑ። መሪው ጋ አስቀምጫቸው። አንቺ ከዋናው ፓምፕ በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምሪ። ቀጭን ላስቲክ ከማስተንፈሻ ብሎኗ ጫፍ ሰክተሽ ሌላውን ጫፍ የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሪ። «እማዬ ርገጪ፣ ያዢ» በያቸው፣ ብሎኗን ሩብ ዙር ፍቺ፣ አረፋው ሲወጣ እዪ፣ እግራቸውን ሳያነሱ አጥብቂ። ከዚያ «ልቀቂ»። በየመሐሉ ከላይ ዘይት ጨምሪ፣ ካለቀ አየር ይገባና ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። አረፋ ሲያቆም ወደሚቀጥለው ጎማ ሂጂ። አራቱም ሲያልቁ ፔዳሉ ጠንክሮ ከላይ ይቆማል፤ ያንን መጀመሪያ የሚያውቁት በእግራቸው የያዙት እናትሽ ናቸው።

የካንዴላዎቹን ፎቶ ላኪልኝ። ከአንድ እስከ አራት በተራ ደርድሪያቸው።